ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት

ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎም ሆነ ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖትም ሆነ ፒያሳ ሁለት ጥሪ ይሰማል። አንዱ «ቁራሌው!» ይላል፤ ጣሳ፣ ጠርሙስ፣ ብረታ ብረትና ያረጀ ጫማ ይገዛል። ሌላው «ልዋጭ!» ይላል፤ ያረጀ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ኩባያ ይሰጣል። ሁለቱም ለከተማው ትልቅ ባለውለታ ናቸው። ቁራሌው የሰበሰበው ብረት ምን አለሽ ተራ ደርሶ ምድጃና ማንደጃ ሆኖ ይወጣል፤ የመኪናው ጎማም በርባሶ ይሆናል። ይሁንና በር ላይ ጥቂት ብር ብቻ የሚያወጣ፣ ቤት ቢቀር ግን ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ብዙ ነው። የጂንስ ሱሪ፣ ቲሸርት፣ የወተት ጣሳ፣ ሃይላንድ፣ ጥለቱ ደህና የሆነ ነጠላ ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ያረጀ ዕቃ ምን መሆን እንደሚችል የሚወስነው የተሠራበት ነገር ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሚፈልገው ዕቃ ነው፤ ምንጣፍ ያምረውና እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ሁሉ ይቆራርጣል። ከዚያ ምንጣፉ ውሃ አልመጥ ይላል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ ሙጫው ይነሳል። ስለዚህ መቀስ ከመነሳቱ በፊት ዕቃውን መለየት ይቅደም።

ጨርቅ ከሆነ፣ ከእጥፋቱ ውስጥ 2 ሴንቲ የሚሆን ክር ምዘዙና በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ ሆናችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና ሲነኩት የሚበን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከነበልባሉ እየሸሸ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ቅልቅል ከሆነ ሁለቱንም ያሳያል። ጥጡ ውሃ ስለሚመጥ ለምንጣፍና ለመወልወያ፣ ፖሊስተሩ ደግሞ እርጥበት ስለማይዝና ቶሎ ስለሚደርቅ ለቦርሳ ገበር ይሁን።

ፕላስቲክ ከሆነ ገልብጣችሁ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ሦስት ቀስቶች በሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ተጽፏል። 1 ቁጥር ሃይላንዱና ውስጡ የሚታየው የዘይት ጠርሙስ ነው። (ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ የማንኛውም የውሃ ጠርሙስ ስም ሆኗል።) 2 ቁጥር ወተት የመሰለው ወይም ቢጫው ጀሪካን ነው። 5 ቁጥር ማዳበሪያ የምንለው ሽመናው የሚታይ ከረጢትና የመሰለው ነው። 2 እና 5 ቁጥር ሙጫም ቀለምም አይቀበሉም። ሱፐር ግሉም ሆነ ማስቲሽ ለጊዜው የያዘ ይመስልና ሲደርቅ እንደ ቅርፊት ይነሳል። እነዚህን ሊያያይዛቸው የሚችለው ስፌት፣ ሽቦ ወይም ብሎን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። ፀረ ተባይ፣ የባትሪ አሲድ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበት ጀሪካን የሚበላ ነገር አይተከልበትም፣ ውሃም አይያዝበትም። የቱንም ያህል ቢታጠብ ፕላስቲኩ የመጠጠው አይወጣም።

ከጂንስ ሱሪ የገበያ ቦርሳ

ከሁሉም አስተማማኙ ሥራ ይህ ነው። 5 ኪሎ ድንችና ሽንኩርት ቢሸከም የማይበጠስ ቦርሳ ከአንድ የአዋቂ ወንድ ሱሪ ይወጣል። ሱሪው ግን የማይለጠጥ ጂንስ ይሁን። ወደ ጎን ሳቡት፤ እንደ ላስቲክ ተስቦ የሚመለስ ከሆነ ቦርሳው ዕቃ በያዘ ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል። የሚለጠጠውን ለኪስ ወይም ለትንሽ ቦርሳ አቆዩት።

ሱሪውን አጥባችሁ ተኩሱ። ሁለቱን እግሮች ከመጋጠሚያቸው በታች ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። የእግሩ ሁለት ስፌቶች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ተጣጥፎ በሁለት መስመር የተሰፋ ወፍራም ነው፣ ሌላው በአንድ መስመር የተሰፋ ነው። ቀጭኑን በምላጭ ተርትራችሁ ጨርቁን ዘርጉት፤ ወፍራሙን አትንኩት፣ መሀል ላይ እንደ ጌጥ ይቀራል። ከእያንዳንዱ እግር 38 ሴንቲ ስፋት በ40 ሴንቲ ቁመት አንድ ቁራጭ አውጡ። ጉልበቱ ያለበትን ቦታ ወደ ብርሃን አንሱና እዩት። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ሳስቷልና በዚያ ላይ ከሱሪው የተፈታውን የኋላ ኪስ ስፉበት፤ ቀዳዳውም ይሸፈናል፣ ለሳንቲም ኪስም ይሆናል።

ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ጎንና ጎኑን፣ ከዚያ ታችኛውን በ1.5 ሴንቲ ስፌት ዝጉ። አሁን ያለው ጠፍጣፋ ከረጢት ነው፤ ታቹ ካልሰፋ ዕቃ አይቆምበትም። የታችኛውን ማዕዘን ይዛችሁ የጎኑ ስፌት በታቹ ስፌት ላይ እንዲያርፍ አድርጉት፤ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ከጫፉ 5 ሴንቲ ገባ ብላችሁ በጠመኔ መስመር አስምሩ። መስመሩ 10 ሴንቲ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ስፌቶቹ አልተገጣጠሙም ማለት ነው። በላዩ ሁለት ጊዜ ስፉና ትርፉን ቁረጡት። ሌላውንም ማዕዘን እንዲሁ። አሁን 10 ሴንቲ ወርድ ያለው መቀመጫ ወጣለት።

ገበሩ ከአሮጌ ሸሚዝ ይሠራል። አቆራረጡ ተመሳሳይ ነው፤ ልኩ ግን በየአቅጣጫው 1 ሴንቲ ያንሳል። እኩል ከተቆረጠ ውስጥ ገብቶ ይሸበሸባል፣ ሳንቲምና ቁልፍም በሽብሽቡ ውስጥ ይጠፋል።

መያዣው የሱሪው ወገብ ነው። ቁልፉና የቁልፍ ቀዳዳው ያለባቸውን ጫፎች ጥላችሁ ሁለት የ42 ሴንቲ ቁራጭ አውጡ። የቦርሳውንና የገበሩን አፍ 2 ሴንቲ ወደ ውስጥ አጥፉ፤ የመያዣውን ጫፎች በመሀላቸው 5 ሴንቲ አስገቡ፤ በስፒል ከመያዝ ይልቅ በእጅ መወስወስ ይሻላል፣ ጂንስ ስፒል ያጣምማል። ከዚያ አፉን ዙሪያውን ሁለት መስመር ስፉ። መያዣው የገባበት ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ሰፍታችሁ በውስጡ መስቀል አድርጉበት። ቦርሳ ሁልጊዜ የሚቀደደው እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱም ክብደቱ ሁሉ በአንድ ድርብ ጨርቅ ላይ ያርፋል። ከገበሩ ጀርባ 6 በ6 ሴንቲ የጂንስ ቁራጭ ደርባችሁ አብራችሁ ብትሰፉት ይህ ችግር አይመጣም።

መርፌ መሰበር የዚህ ሥራ የተለመደ በሽታ ነው። የሸሚዝ መርፌ ለጂንስ ይደክማል፤ 16 ቁጥር መርፌ ግዙ፣ የስፌቱንም ርዝመት 3 ሚሊ ገደማ አድርጉት። ስፌት በስፌት ላይ የሚወጣበት ጉብታ ጋ ስትደርሱ አቁሙና ከስፌት መኪናው እግር ኋላ የታጠፈ የጂንስ ቁራጭ ሰክታችሁ እግሩን አስተካክሉት። እግሩ ወደ ኋላ ዘመም ካለ መርፌውም ተንጋዶ ብረት ይመታል። ያም ካልሆነ ጉብታውን እንጨት ላይ አድርጋችሁ በመዶሻ ደብድቡት፤ ጂንስ ሲደበደብ ይሳሳል። የእግር ሲንጀር ያላቸው ደግሞ ፔዳሉን ትተው ተሽከርካሪውን በእጅ እያዞሩ ቢያልፉት መርፌ አይሰብሩም። መኪና ከሌላችሁ ቆርጣችሁና ወስውሳችሁ ወደ ሰፈር ልብስ ሰፊ ውሰዱት፤ ተዘጋጅቶ የቀረበ ሥራ ጊዜ አይወስድበትም፣ ዋጋውም ይቀላል።

ከቲሸርት የእግር መጥረጊያ

50 በ80 ሴንቲ ለሆነ ሞላላ ምንጣፍ እንደ ውፍረታቸው ከ8 እስከ 10 የአዋቂ ቲሸርት ይበቃል። ሁሉም ጥጥ ይሁኑ፤ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ምንጣፍ ከሻወር በወጣ እግር ሲረገጥ ውሃውን ያንሸራትታል እንጂ አይመጥም።

ቀለም የሚለቅ ቀይ ወይም ጥቁር ካለ አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ በላዩ አድርጉና በካውያ ተጫኑት። ነጩ ከቀላ ቲሸርቱ ብቻውን፣ ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠብ፤ አሁንም ከለቀቀ ይቅር። ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም ይይዛል የሚባለው ፋብሪካ ለነከረው ጥጥ አያስተማምንም፤ በዚህ ተማምነው ከነጭ ጋር የጎነጎኑት ምንጣፍ በመጀመሪያው እጥበት ሮዝ ይሆናል።

ከብብት በላይ ያለውን ቁረጡና ለመወልወያ አስቀምጡት። የታችኛውን እጥፋትም ጣሉ። የቀረው ቱቦ ነው። ወደ ጎን ዘርግታችሁ ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ በየ3 ሴንቲው ቁረጡ፤ ግን ማዶ ሳትደርሱ 3 ሴንቲ ሲቀር አቁሙ። ከዚያ ያልተቆረጠውን ጎን ክንዳችሁ ላይ አጥልቃችሁ እያንዳንዱን ስንጥቅ ከማዶው ቀጣይ ስንጥቅ ጋር በሰያፍ በመቀስ ቆርጣችሁ አገናኙት። አንድ ቲሸርት እንዲህ ሲቆረጥ ቋጠሮ የሌለው አንድ ረጅም ገመድ ይወጣዋል። ከቆረጣችሁ በኋላ ክንድ ክንድ እየያዛችሁ ሳቡት፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ክብ ይሆናል። የማይጠቀለል ከሆነ ቆረጣው ከላይ ወደ ታች ሆኗል ማለት ነው።

ሦስት ገመድ ወስዳችሁ እንደ ሹሩባ ጎንጉኑ። ሦስቱ እኩል ርዝመት አይኑራቸው፤ እኩል ከሆኑ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ያልቁና ሦስት መቀጠያ ተደራርቦ እብጠት ይሆናል። ሲቀጠል አይቋጠርም። በሁለቱም ጫፍ 1 ሴንቲ ስንጥቅ አድርጉ፤ የአሮጌውን ጫፍ በአዲሱ ስንጥቅ አሳልፋችሁ የአዲሱን ሌላኛ ጭራ በአሮጌው ስንጥቅ አውጡትና ሳቡት። እጃችሁ ሲጎነጉን መካከለኛ ይሁን፤ በጣም ያጠበቀ ጉንጉን ሲሰፋ አይታጠፍም።

ሞላላ ምንጣፍ ሲጀመር መሀሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የመስመሩ ርዝመት የሚፈለገው ቁመት ሲቀነስ ወርዱ ነው፤ ለ80 በ50 የሚሆነው 30 ሴንቲ ነው ማለት ነው። ከዚህ ውጪ የሆነ ቁጥር የታሰበውን ልክ አያመጣም። 30 ሴንቲውን አስተኝታችሁ ጉንጉኑን አጥፉና በዙሪያው እያጠመጠማችሁ ስፉ። የጆንያ መርፌና ጠንካራ የናይለን ክር ያስፈልጋል፤ ተራ የልብስ ክር ጥቂት ወር እንኳ አይቆይም። መርፌው ጨርቁን አይውጋ፤ በጉንጉኖቹ ቀለበት መሀል ብቻ ይለፍ፣ ክሩ ያኔ ተደብቆ ይቀራል።

ሥራው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይሰፋ። ጭን ላይ የተሰፋ ምንጣፍ ሁልጊዜ እንደ ሰፌድ ጠርዙ ይነሳል። የሚነሳው የውጩ ዙር ከውስጡ ስለሚረዝም ነው፤ ዙሪያው ላይ በቂ ጉንጉን ካልተሰጠው ይሳባል። ስለዚህ በሁለቱ ጥምዝ ጫፎች ላይ አልፎ አልፎ የውጩን ሁለት ቀለበት ከውስጡ አንድ ቀለበት ጋር ስፉ። በቀጥታው ጎን አንድ ለአንድ ይሁን። አብዝታችሁት ከሆነ ደግሞ ጠርዙ እንደ ጎመን ቅጠል ይሞገዳል። ሁለቱም በካውያ አይስተካከልም። እስከተበላሸበት ዙር ድረስ መፍታት ነው፤ ያማርራል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ጥለት ሲተርፍ

ነጠላ ሲያረጅ የሚሳሳው መሀሉ ነው፤ ጥለቱ ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቆያል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቀናት ያጠፋበትን ያን ሥራ ለልዋጭ መስጠት ያሳዝናል። ለ40 በ40 ሴንቲ የትራስ ልብስ ግሩም ጌጥ ይሆናል።

አደጋው ያለው መቁረጡ ላይ ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ መቀስ እንደነካው መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በምትቆርጡበት መስመር ላይ ሁለት ተራ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት፣ በመሀላቸው 1 ሴንቲ ትታችሁ አስኪዱ፤ መቀሱ በሁለቱ መካከል ይለፍ። ጥለቱን ከሸሚዝ ጨርቅ ጋር ደርባችሁ ዙሪያውን ወስውሱና ከዚያ በኋላ ትራሱ ፊት ላይ ስፉት። የሚያብረቀርቅ ክር ያለበትን ጥለት ከፊቱ አትተኩሱ፤ ገልብጡና ስስ ጨርቅ አልብሳችሁ በትንሽ ሙቀት ተኩሱት።

የትራሱ ፊት 42 በ42 ይቆረጥ። ጀርባው ሁለት ቁራጭ ሲሆን እያንዳንዱ 42 በ28 ነው፤ የእያንዳንዳቸው አንድ ረጅም ጎን 2 ሴንቲ ታጥፎ ይዘምዘም። ሲደራረቡ 10 ሴንቲ ይነባበራሉ፤ ዚፕም ቁልፍም ሳያስፈልግ ትራሱ ይገባል። ንብብሩ ከዚህ ካነሰ ትራሱ ሲቀመጡበት አፉን ይከፍታል።

ሃይላንድ ለበረንዳ ተክል

ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ራሱን የሚያጠጣ መትከያ ይሆናል፤ ለኮንዶሚኒየም በረንዳ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ዘይት የነበረበትን ከተጠቀማችሁ በፈላ ውሃ አትጠቡት። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን 1 ቁጥሩን ፕላስቲክ ለማኮማተር ከበቂ በላይ ነው። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል።

ከክዳኑ ጀምሮ አንገቱና ትከሻው አልቆ ቀጥ ያለው አካል እስከሚጀምርበት ለኩ። በዚያ ላይ 2 ሴንቲ ጨምሩና ከጠርሙሱ ሥር ወደ ላይ ያንን ያህል ለክታችሁ በከተር ቁረጡት። የላይኛው ክፍል ተገልብጦ በታችኛው ላይ ሲቀመጥ ትከሻው ጠርዙ ላይ ያርፋል፣ ክዳኑም ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። ልኩ ካነሰ ክዳኑ ወለሉን ይነካና መትከያው ይወላገዳል።

የተቆረጠው ጠርዝ ስለት አለው። ካውያውን መካከለኛ ሙቀት ላይ አድርጋችሁ ፎይል በመሀል አስገቡና ጠርዙን ሁለት ሦስት ሰከንድ አስነኩት፤ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይደነድናል። ይህ የሚሠራው 1 ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ ጀሪካን ከሆነ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሽሹት።

ክዳኑን በጋለ ምስማር ጣት የሚያህል ብሱት። ከጥጥ ቲሸርት 3 ሴንቲ ወርድና 25 ሴንቲ ርዝመት ያለው ክር ቁረጡና በቀዳዳው አሳልፉት፤ ግማሹ አፈር ውስጥ ይግባ፣ ግማሹ ውሃው ውስጥ ይንጠልጠል። ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው እሱ ነው፤ ፖሊስተር ከሆነ ተክሉ ውሃ ላይ ቆሞ ይጠማል። ጥጡ እርጥብ እንደሆነ ስለሚኖር ይበሰብሳል፣ ተክል በተቀየረ ቁጥር ይቀየር። አፈሩ ሁለት እጅ የአትክልት አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን። ከግቢ የተቆፈረ ጥቁር አፈር ብቻውን ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል።

ሁለት ነገር አይረሳ። ውሃው ያለበት ክፍል ብርሃን ከገባው በሳምንታት ውስጥ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ከጂንሱ የተረፈውን እግር እንደ ካልሲ አልብሱት። ሁለተኛ፣ ውጭ የሚቀመጥ ከሆነ ከወለሉ 5 ሴንቲ ከፍ ብላችሁ በጎኑ ትንሽ ቀዳዳ ብሱለት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይታፈናል።

በሶብላ፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ድንብላል በዚህ ይደሰታሉ። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ግን ሥራቸው ሁልጊዜ እርጥብ መሆኑን አይወዱም፤ ቅጠላቸው ይገረጣና ይሞታሉ። እነሱን ሥሩ በተበሳ ጣሳ ላይ ትከሉ። ቃሪያም 2 ሊትር ይጠበዋል፤ ቢያንስ 5 ሊትር ይሰጠው።

የጣሳ ፋኖስ

የወተት ዱቄት ወይም የቲማቲም ድልህ ጣሳ በምስማር ተበስቶ ሻማ ሲገባበት የሚያምር ፋኖስ ነው፤ መብራት በጠፋ ቀንም ያገለግላል። ባዶ ጣሳ በምስማር ሲመታ ግን ይጨማደዳል። ዘዴው በረዶ ነው።

ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ላጡ። የቀረውን ሙጫ የምግብ ዘይት ቀቡትና 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በሳሙና እጠቡት፤ በምላጭ መፋቅ ቆርቆሮውን ይቧጭርና እዚያው ይዝጋል። አፉ ላይ የተረፈ ሹል ካለ በፒንሳ ወደ ውስጥ ተጭናችሁ አስተኙት። ውሃ ሙሉት፣ ግን ከአፉ 2 ሴንቲ ይጉደል፤ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ሙሉ ከሆነ ሥሩን ይገፋዋል። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት።

ንድፉን ወረቀት ላይ በነጥብ ሥሩ። የመስቀል ሐረግ ወይም የጥለት ዓይነት ቅርፅ በነጥብ ሲሠራ ያምራል፤ በነጥቦቹ መካከል ግን ቢያንስ 6 ሚሊ ይኑር፣ ከቀረበ ቆርቆሮው ይቀደዳል። ወረቀቱን በስኮች ለጥፉ፣ ጣሳውን የታጠፈ አሮጌ ጋቢ ላይ አስተኙና በ3 ሚሊ ምስማር እየመታችሁ ብሱ። ሁለት ሦስት ምት ለአንድ ቀዳዳ ይበቃል። በረዶው ከጣሳው ግድግዳ መላቀቅ ሲጀምር ቆርቆሮው መጨማደድ ስለሚጀምር መልሱትና እንደገና ይርጋ። ሥሩ ካበጠ በረዶው ሳይቀልጥ ገልብጣችሁ ቀስ ብላችሁ በመዶሻ መልሱት። ፍሪዘር ከሌለ እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቆ መሙላት ይቻላል፤ እንደ በረዶው ንጹሕ ቀዳዳ አይሰጥም እንጂ ይሠራል።

በረዶው እንደቀለጠ ወዲያው ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ። ጣሳ የማይዝገው በላዩ ባለው፣ ቲን በተባለ ብረት በተሠራ ስስ ሽፋን ነው፤ ምስማሩ ያንን ስለበሳው እያንዳንዱ ቀዳዳ የዝገት በር ነው። በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርጋችሁ ከውጭ አንድ እጅ ፀረ ዝገት፣ ከደረቀ በኋላ የወደዳችሁትን ቀለም ሁለት ስስ እጅ ቀቡ። ወፍራም አንድ እጅ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ውስጡ አይቀባ፤ ከነበልባሉ አጠገብ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ጭሱም ጥሩ አይደለም። የውስጡ ቀዳዳ ጠርዝ እንደ ሚስማር ስለሚወጋ ጣት አታስገቡ።

ለመያዣ ከአፉ 1 ሴንቲ ዝቅ ብላችሁ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ ብሱና 40 ሴንቲ ሽቦ እጠፉበት፤ አጭር ሽቦ በሻማው ሙቀት ይግላል። ሥሩ ላይ 2 ሴንቲ አሸዋ አፍስሱና ሻማውን ትከሉበት። ሳህን ላይ ይቀመጥ፣ ከመጋረጃ ይራቅ፣ ሰው በሌለበት ክፍል አይበራ። ይህን ጣሳ በኤሌክትሪክ አምፖል ለማብራት የሚያምረው ሰው አለ። ብረት ላይ 220 ቮልት ማስገባት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነውና ለእሱ ይተው።

የቀረው

የማዳበሪያ ከረጢት ለልብስ ማጠራቀሚያና ለከሰል መያዣ ጥሩ ነው። ሲቆረጥ ጫፉ እንዳይበተን በሻማ ነበልባል አጠገብ ፈጠን አድርጎ ማሳለፍ ይበቃል። ፀሐይ ላይ ግን አይኑር። በዚህ ከፍታ ያለው ፀሐይ ክሩን በወራት ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ያደርገውና የተበጣጠሰው ፕላስቲክ በግቢው ሁሉ ይበተናል።

የቢራ ጠርሙስ በቤንዚን በተነከረ ክር አቃጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በመንከር የመቁረጡን ነገር አንመክርም። ክሩ ዙሪያውን እኩል ስለማይነድ መስታወቱ ባልታሰበ በኩል ይሰነጠቃል፤ በትክክል ቢቆረጥ እንኳ ጠርዙ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ለረጅም ሰዓት ካልተሞረደ ከንፈር ይቆርጣል። ያልተሰበረ ጠርሙስ ለቁራሌው መስጠት ይሻላል። የለስላሳ አልሙኒየም ጣሳም እንዲሁ ነው። ከተቆረጠ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ቢሠራበትም በቀላሉ ይጨማደዳል። ማግኔት የሚስበውን ጣሳ ለቤት ሥራ አስቀሩ፣ የማይስበውን ለብቻው በከረጢት አድርጋችሁ ስጡት። አልሙኒየም ከተራው ቆርቆሮ የበለጠ ዋጋ አለው፣ ተቀላቅሎ ሲሰጥ ግን በቆርቆሮ ዋጋ ይሄዳል።